ቤት ውስጥ ድምፅ ስታስገቡ ሄድፎኑ እንዳያሳስታችሁ

የአክስቴ ልጅ መዝሙር ልታስገባ ቤቴ መጣች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለ ማይክ ስትዘምር እንኳ ድምፅዋ ጥርት ያለ ልጅ ናት። እኔ ጋ ግን አሥር ጊዜ ቀረጽናት፣ አሥሩንም ጊዜ አዝማቹ ላይ ስትደርስ ከኪይ (ከዜማው ቅኝት) ወጣች። «ኧረ ወንድሜ፣ ዛሬ ድምፄ የለም፣ ሌላ ቀን ይሁን» አለችኝ። እኔም አመንኳት።

ከሄደች በኋላ እሷ ያደረገችውን ሄድፎን ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ነው የገባኝ። ድራሙ ጆሮ ይበሳል። የራሷ ድምፅ ደግሞ ከጎረቤት ግቢ የሚመጣ ነው የሚመስለው። ልጅቷ ራሷን ሳትሰማ ስትጮህ ነበር የዋለችው። ጥፋቱ የኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ በራሴም በሌሎችም ላይ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ሙዚቃውን ከድምፅ በላይ መልቀቅ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሰው ጫጫታ ውስጥ ሲገባ ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ኤትየን ሎምባርድ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ይህን በ1911 ጽፎታል፣ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ሄድፎን ውስጥም የሚሆነው ያው ነው። ራሱን የማይሰማ ዘፋኝ ይገፋል፣ ጉሮሮው ይጠባል፣ ብዙ ጊዜም ከኪዩ ከፍ ይላል። ተቃራኒውም አለ። የራሱ ድምፅ ከመጠን በላይ ከጎላበት ይሸማቀቃል፣ ትንፋሹን ይቆጥባል፣ ኖታው ወደ ታች ይወርዳል።

ቤት ውስጥ ይህ የሚበዛበት ምክንያት አለ። ቢቱ (ዘፋኙ የሚዘፍንበት ሙዚቃ) አብዛኛውን ጊዜ ተጠናቅቆ፣ ማስተር ተደርጎ፣ ማለት ለመለቀቅ ጎልቶ ተስተካክሎ፣ በአንድ ፋይል ነው የሚመጣው። ስለዚህ እስከ ዜሮ ዲሲቤል፣ ማለት እስከ ሶፍትዌሩ መለኪያ ጣሪያ ድረስ ሞልቷል። በትክክል የተቀዳ ድምፅ ግን በአማካይ ከዜሮ በታች 18 ዲሲቤል አካባቢ ነው የሚውለው። ሁለቱን እንዳሉ ከለቀቃችኋቸው ቢቱ ድምፁን ይውጠዋል። እኔ አሁን ገና ሳንጀምር የቢቱን ትራክ ከ8 እስከ 10 ዲሲቤል እቀንሰዋለሁ። ሄድፎኑ ከሳሳ የሄድፎኑን ቁልፍ ነው የምጨምረው።

ልኩን ስትፈልጉ በ«ሃሎ፣ አንድ፣ ሁለት» አትለኩ። ዘፋኙ በጣም የሚጮህበትን ቦታ ያዚም። ድምፁ ከሙዚቃው በላይ ትንሽ ብቻ ተቀምጦ ሲሰማው ይበቃል። ትራኮቹ ተለያይተው ካሏችሁ ደግሞ ሁሉንም መልቀቅ የለባችሁም። ኪዩን የሚይዘው ኪቦርድ ወይም ክራር፣ ቤዝ እና ምት ይበቃሉ። በተለይ ምት በሌለው የትዝታ መግቢያ ላይ መነሻውን ኖታ የሚይዝለት አንድ መሣሪያ ጎልቶ ካልተሰማው ዘፋኙ ዝም ብሎ ይዋልላል።

ጌይንን እንደ ቮሊዩም መቁጠር

ዘፋኙ «ራሴን አልሰማም» ሲል እጃችሁ ወደ ጌይን፣ ማለት ወደ ማይኩ መግቢያ ቁልፍ ይሄዳል። አይሂድ። ጌይን የሚቀዳውን ይቀይራል፣ የሄድፎን ቁልፍ ግን የሚሰማውን ብቻ። ጌይን ጨምራችሁ አዝማቹ ላይ ቀዩ መብራት ከበራ ድምፁ ተሰንጥቋል። የተሰነጠቀውን በኋላ በፕለጊን አጸዳዋለሁ ማለት ራስን ማታለል ነው። ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ በታች ከ12 እስከ 6 ዲሲቤል መሀል ይዋል። በ24 ቢት እስከቀዳችሁ ድረስ አነሰ ብላችሁ አትስጉ። ራሱን እንዲሰማ ሙዚቃውን ቀንሱለት።

ዘግይቶ የሚመጣ ድምፅ

ድምፁ ከማይኩ ገብቶ፣ በኮምፒውተሩ ዞሮ እስኪመለስ ይዘገያል። ባፈሩ (ኮምፒውተሩ በአንዴ አጠራቅሞ የሚያስኬደው የድምፅ መጠን) 1024 ሳምፕል ከሆነ፣ በሰከንድ 44,100 ሳምፕል ስትቀዱ አንዱ መንገድ ብቻ 23 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፣ መመለሻውም እንዲሁ። ዘፋኙ የገዛ ጥላው የሚከተለው ይመስለዋል። ወደ 128 አውርዱት። ኮምፒውተሩ ካልቻለ የሳውንድ ካርዱን ዳይሬክት ሞኒተር ክፈቱ፤ ድምፁን በኮምፒውተሩ ሳያዞር በቀጥታ ለሄድፎኑ ይሰጣል። ያን ስትከፍቱ ግን ሶፍትዌሩ ላይ የትራኩን ሞኒተር ዝጉ። ሁለቱም ከተከፈቱ ድምፁ ሁለት ሆኖ በርሜል ውስጥ እንደሚዘፈን ይሰማል።

የብሉቱዝ ሄድፎን? ለመቅዳት አይሆንም፣ በቃ።

በዳይሬክት ሞኒተር ድምፁ ደረቅ ስለሚሆን ዘፋኞች ይጨንቃቸዋል። መላው ከሶፍትዌሩ ሪቨርቡን (ማስተጋባቱን) ብቻ፣ ያለ ደረቁ ድምፅ፣ መላክ ነው። ሪቨርብ ትንሽ ቢዘገይ ማንም አያውቀውም። አታብዙት እንጂ፤ ሪቨርብ ውስጥ የሚዋኝ ዘፋኝ ከኪይ መውጣቱን አይሰማም፣ እናንተ ግን ማታ ሚክስ ስታደርጉ ትሰሙታላችሁ።

አንዱን ጆሮ ማውጣት

ብዙ ዘማሪዎች አንዱን ጆሮ ገልጠው ነው የሚዘምሩት። ነውር የለውም። ነገር ግን መሀል ላይ ድንገት ሲያወጡት ካያችሁ መልእክት ነው፤ ራሳቸውን አልሰሙም ማለት ነው። ልማዳቸው ከሆነ ደግሞ ሙዚቃውን ወደሚሰማው ጆሮ ብቻ ላኩት። አለበለዚያ ባዶው ሄድፎን ለማይኩ ይዘፍንለታል። ከጀርባው ክፍት የሆነ ሄድፎን፣ እንደ ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ያለው፣ ለሚክስ ግሩም ነው፣ ለድምፅ ማስገባት ግን ያፈሳል። ዝግ የሆነውን፣ ለምሳሌ ሶኒ ኤምዲአር 7506ን፣ ተጠቀሙ። በተለይ ክሊኩ፣ ምት የሚቆጥረው ድምፅ፣ አስቸጋሪ ነው። ሙዚቃው ዝም ባለበትና ዘፋኙ የመጨረሻውን ኖታ ይዞ በቆየበት ቦታ «ቲክ ቲክ» ይገባባችኋል። እዚያ ቦታ ላይ ክሊኩን አጥፉት።

«ጨምርልኝ» ሲባል መጨመር

ከአንድ ሰዓት በኋላ ዘፋኙ ደጋግሞ «ጨምርልኝ» ካለ ጆሮው ደክሟል። በ85 ዲሲቤል (ይሄኛው ጆሮ ላይ የሚደርሰው ጩኸት ነው፣ የሶፍትዌሩ መለኪያ አይደለም) 8 ሰዓት መስማት ይቻላል የሚለውን የሥራ ቦታ መለኪያ ብንወስድ፣ 3 ዲሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚቀረው። ቡና አፍሉ፣ ሄድፎኑ ይውለቅ፣ ስትመለሱ ከበፊቱ ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ።

በስፕሊተር ሁለት ሄድፎን ለምትሰኩም አንድ ነገር። የአንዱ የኤሌክትሪክ መቋቋም 32 ኦም፣ የሌላው 250 ኦም ከሆነ እናንተ የምትሰሙት መጠንና እሱ የሚሰማው በጣም ይለያያል። ሪከርድ ከመጫናችሁ በፊት የእሱን ሄድፎን አንድ ጊዜ ጆሯችሁ ላይ አድርጉት።

የአክስቴ ልጅ በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። በሦስተኛው ሙከራ ጨረስን። «አየህ፣ ዛሬ ድምፄ ተመልሷል» አለችኝ። ቢቱን 9 ዲሲቤል እንደቀነስኩት እስካሁን አልነገርኳትም።