ሦስት ጥርስ ያላት ማበጠሪያ፦ ዓይንን ቤት ውስጥ እንዴት እንፈትሻለን?

ልጅዎ ጥቁር ሰሌዳው አይታየኝም ካለች፣ ወይም እርስዎ የባጃጅ ታርጋ ለማንበብ ዓይንዎን ማጨንቆር ከጀመሩ ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር አለ። ሐኪሙን አይተካም። መነጽር ይረዳ እንደሆነ ግን ይጠቁማል።

መጀመሪያ ሰሌዳውን ይሥሩ። ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር እስክሪብቶ ሦስት ጥርስ ያላት ማበጠሪያ ይሳሉ። ቁመቷም ስፋቷም 17 ሚሊ ተኩል ይሁን፤ የጥርሱ ውፍረትም ክፍተቱም 3 ሚሊ ተኩል። አራት አምስቱን በተለያየ አቅጣጫ አዙረው ይደርድሩ። ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ጥርሶቹ ወዴት እንደዞሩ በእጁ ያሳያል። ይህን በ6 ሜትር ርቀት የለየ ዓይን ቢያንስ 6/12 ያያል፤ ማለትም ደህና ዓይን ከ12 ሜትር የሚለየውን እሱ 6 ሜትር ቀርቦ ለየው።

ወረቀቱን በረንዳ ላይ በቀን ብርሃን ይስቀሉ። የጅማ ዝናብ ከያዘ እስኪያባራ ይጠብቁ፤ በጨለማ ደህና ዓይንም ይሰንፋል። በልብስ ሰፊ ሜትር 6 ሜትር ለክተው በርጩማ ያስቀምጡ። መቼም ጅማ ላይ በርጩማ አይጠፋም።

አንዱን ዓይን በመዳፍ ይሸፍኑ፣ ሳይጫኑት። በጣት አይሆንም። ልጄ በጣቶቿ መሃል አጮልቃ "ሁሉንም አወቅኩ!" አለችኝ። መዳፏን ሳስይዛት ደግሞ በቃሏ ወጣችው። ወረቀቱን ገልብጬ ስሰቅለው ነው የተነቃባት።

አሁን ዋናው። የመድኃኒት ካርቶን ቆርጠው በወፍራም መርፌ ይብሱ፤ ቀዳዳው 1 ሚሊ ገደማ። ያልለዩትን ቅርጽ በዚያች ቀዳዳ ይዩት። ጥርት ካለ ችግሩ ብዙ ጊዜ በመነጽር የሚስተካከል ነው። ቀዳዳዋ የተበተነውን ብርሃን ከልክላ ቀጥ ብሎ የሚገባውን ብቻ ታሳልፋለች። ካልጠራ የዓይን ሞራ ወይም ሌላ ችግር ሊኖር ስለሚችል ሳይቆዩ ይታዩ። እይታ በድንገት ከጠፋ፣ ዓይን ቀልቶ ካመመ ወይም የልጅ ብሌን ነጭ ከመሰለ ግን ማበጠሪያ መሳሉን ይተዉትና ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ክሊኒክ ውስጥ ባለሙያው ሬቲኖስኮፕ በሚባል የእጅ መብራት ከብሌንዎ የሚመለሰውን ብርሃን ያያል። ለልጆች ጠብታ ሊጨመር ይችላል፤ የቅርብ ነገር ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ስለሚደበዝዝ የፈተና ዋዜማ አይውሰዷቸው። ከዚያ የሙከራ መነጽር አድርጎልዎ ሌንስ እየቀያየረ "ይሄ ይሻላል ወይስ ያኛው?" ይላል። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም። ካልተለየዎት "እኩል ናቸው" ይበሉ።

የሚሰጥዎት ወረቀት ላይ ማይነስ ሩቁ ለደበዘዘበት፣ ፕላስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቅርቡ ላስቸገረው ነው። ሲሊንደር (ብርሃንን በሁሉም አቅጣጫ እኩል የማያጥፍ ዓይን የሚታረምበት ቁጥር) ከተጻፈ አክሲስ የሚባለው የአቅጣጫው ቁጥርም አብሮ መኖሩን ይዩ። በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት በሚሊሜትር እንዲጻፍልዎም ይጠይቁ፤ ሲረሳ አይቻለሁ።

መነጽሩ ሲደርስ ከሱቁ ሳይወጡ ያድርጉትና ማዶ ያለ ጽሑፍ ያንብቡ። መሬቱ ዘመም ያለ ከመሰለዎት ጥቂት ቀን ይታገሡ። ከሳምንት በኋላም ካልተቃና ወረቀቱን ይዘው ይመለሱ።