ከሌላ ሰው እጅ የመጣ አርክቶፕ ጊታር አረካከብ

አርክቶፕ የሚባለውን ፊቱ ጎበጥ ያለ ጊታር ሲረከቡ ዋጋ ከመነጋገርም ሆነ ክር ከመለወጥ በፊት፣ የቀድሞው ባለቤት ፊትዎ ተቀምጦ እንዲጫወትበት ይጠይቁ። ለዓመታት የያዘው ሰው መሣሪያው የት ላይ እንደሚያስቸግር እጁ ያውቀዋል። እኔ ሐዋሳ ውስጥ ከአንድ አዛውንት ሙዚቀኛ የተረከብኩት ጊታር ኬዝ ውስጥ አጭር እርሳስ ነበረበት፤ ኖታ መጻፊያ መስሎኝ ልተወው ስል፣ «ልጄ፣ ሦስተኛው ክር ስትቃኘው ጠቅ ብሎ ከዘለለብህ፣ ከአንገቱ ጫፍ ክሩ የሚያርፍበትን ቦይ በዚህ ቀባው» አሉኝ። የእርሳሱ ጥቁር ዱቄት ክሩን ያንሸራትተዋል።

ቀጥሎ እንጨቱን ይመርምሩ። አርክቶፕ እንደ ቫዮሊን ፊቱ ጎበጥ ያለ ሲሆን፣ የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ኤል-5 የተባለውን ሞዴል ካወጣ ወዲህ በኤፍ ፊደል ቅርጽ የተቀደዱት ሁለት ቀዳዳዎች መለያው ሆነዋል። የቀዳዳውን ጠርዝ በእጅ ባትሪ ሲያዩት የፊቱ የእንጨት መስመር ሳይቋረጥ ወደ ውስጥ ከዘለቀ ከወጥ እንጨት የተፈለፈለ ነው፤ ስስ ድርብርቦች ከታዩ ደግሞ ከፕላይውድ ተጫኖ የተሠራ ነው። ፕላይውድ መሆኑ ብቻ ግን ዋጋ አያሳጣውም፤ በጃዝ ተጫዋቾች ዘንድ የተወደደው የጊብሰን ኢኤስ-175 ሞዴል እንዲሁ ነው የተሠራው። በውስጥ የተለጠፈውን ወረቀትና መለያ ቁጥር ፎቶ ያንሱ እንጂ አይነካኩት።

አዲስ ባለቤት በብዛት የሚሳሳተው ክሮቹን ከጊታሩ ፊት ላይ ደግፎ በሚይዘው እንጨት፣ በብሪጁ ላይ ነው። የአርክቶፕ ብሪጅ በሙጫ አልተጣበቀም፤ ቦታውን የሚያስይዘው የክሮቹ ጫና ብቻ ነው። እኔ በመጀመሪያው ምሽት ላጸዳው ብዬ ስድስቱንም ክሮች በአንዴ ፈታሁና ብሪጁ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ወደ ቦታው ለመመለስ እስከ እኩለ ሌሊት ታገልኩ። ስለዚህ ክር የሚለውጡት አንድ በአንድ ነው፤ ከዚያም በፊት ከአንገቱ ጫፍ እስከ ብሪጁ ያለውን ርቀት በቀጭኑም በወፍራሙም ክር በኩል ለክተው ይጻፉ። ብሪጁ ከተንሸራተተ፣ ክሩን 12ኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ የተጋደመ ቀጭን ብረት) ላይ ሳይጫኑ በመንካት የሚወጣውን ድምፅ ተጭነው ከሚያወጡት ጋር ያስተያዩ፤ የተጫኑት ከፍ ካለ ብሪጁን ከአንገቱ ወደሚርቅበት አቅጣጫ፣ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ በጥቂቱ ይግፉት።

አንገቱ ከጎበጠ ውስጡ ያለውን የብረት ዘንግ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አያዙሩት፤ እምቢ ካለ ለባለሙያ ይተዉት።

አሮጌ አርክቶፕ ላይ ጣት የሚያርፍበት የሴሉሎይድ (የድሮ ፕላስቲክ ዓይነት) ሰሌዳ ከተሰነጣጠቀ፣ የሚኮመጥጥ ሽታ ካመጣ፣ ወይም አጠገቡ ያለው ብረት አረንጓዴ ዝገት ከያዘ፣ ሳይዘገዩ ይንቀሉት፤ የሚያወጣው ጋዝ ብረቱንም ቀለሙንም ይበላል። ቅርስ ነው ብሎ ኬዝ ውስጥ አብሮ መቆለፍ በእኔ አስተያየት ጊታሩን መጉዳት ነው፤ ለብቻው አየር በሚያገኝ ቦታ ይቀመጥ።

ሐዋሳ ከሐይቁ ዳር ብትሆንም በበጋ ወራት አየሩ ይደርቃል፤ እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ፊቱም ሊሰነጠቅ ይችላል። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ኬዙ ውስጥ አስቀምጠው ከ45 እስከ 55 በመቶ ይጠብቁ። ከአዲስ አበባ ሲያመጡት ሚኒባስ ጣራ ላይ አያስጭኑት፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም አይተዉት፤ ሙቀቱ ሙጫውን ያላላዋል። ቤት ሲደርሱም ኬዙን ሳይከፍቱ ጥቂት ሰዓት ያቆዩት።

በመጨረሻ ኬዙ ውስጥ ትንሽ ደብተር ያኑሩ፤ ከማን እንደተረከቡት፣ የክሩን ውፍረት፣ የተደረገለትን ጥገናና ቀኑን ይጻፉበት። ቀጣዩ ባለቤት ግምት ውስጥ ሳይገባ ይረከባል። እኔ ደብተሩን የጀመርኩት ብሪጁ በወደቀበት ምሽት ስለሆነ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው የብሪጁ ርቀት ነው።