ፋን ነው ወይስ ኮይል?

ፒያሳ ያለችው የጥገና ሱቄ ኮምፒውተር ይዞ የሚመጣ ሁሉ «ፋኑ ጮኸ» ይላል። ሁሌ ፋን አይደለም። የኮምፒውተሩን ኬዝ (ሳጥኑን) ጎን ክፈቱና አዳምጡ።

«እርርር» ካለና ሲሞቅ ከባሰ፣ ፋን ነው። አጥፉት፣ ከሶኬት ንቀሉት፣ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። በአየር ከነፋችሁት ፋኑን በጣት ያዙት፤ ዝም ብሎ እንዳይሽከረከር። ከዚያም ካንኳኳ ኩሽኔታው አልቋል፣ ቀይሩት። ዘይት ጠብ ማድረግ? ለጊዜው ነው።

እንደ ቢንቢ ቀጭን ሲጢጥታ ግን ሌላ ነገር ነው። ጌም ሲከፈት የሚጀምር ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የግራፊክስ ካርዱ (ምስል የሚያወጣው ክፍል) ኮይል፣ ማለትም የተጠቀለለ ሽቦ ነው። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይንቀጠቀጣል። ጆሮ ያሰለቻል እንጂ ካርዱን አይጎዳም። ጌሙን በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ላይ ገድቡት፤ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ድምፁ ከፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው ሳጥን) ከመጣ ሙሉውን ቀይሩት እንጂ አትክፈቱት፤ ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ኤሌክትሪክ ይይዛል።