በአሮጌ ቤላሩስ ትራክተር ላይ ባለ አንድ ቱቦ ጃክ እንዴት ይገጠማል?

የተሳቢ ሳጥን ማንሳቱስ ቀላል ነው። ጣጣው ሲወርድ ነው። ባለ አንድ ቱቦ ጃክ (ሳጥኑን በዘይት ግፊት የሚያነሳው) ላይ ፖምፑ ዘይቱን ገፍቶ ያስገባል፣ ሳጥኑ ይነሳል። ሲወርድ ግን ፖምፑ ምንም ሥራ የለውም። ዘይቱን በገባበት ቱቦ መልሶ ወደ ታንኩ የሚያስወጣው የሳጥኑ ክብደት ራሱ ነው። ስለዚህ ስትገጥሙ አንድ ነገር ከአእምሯችሁ አይጥፋ፤ ዘይቱ የሚመለስበት መንገድ ክፍት ነው ወይ?

የማወራው ስለ ቤላሩስ ኤምቲዜድ-80 ነው። ማሲ ፈርጉሰን 135 ያለው ሰው ይህን እንዳለ አይውሰድ። የማሲ ሃይድሮሊክ ከካምቢዮውና ከዲፈረንሻሉ ጋር አንድ ዘይት ነው የሚጠጣው፣ ቱቦ የሚወጣበትም መንገድ ሌላ ነው። ቤላሩስ ለሃይድሮሊኩ ለብቻው ታንክ አለው። ዘይቱን ወደየቱቦው የሚመሩ ሦስት ማንሻዎችም (በእጅ የሚሳቡ) አሉት።

መጀመሪያ ዘይቱን እንቁጠር

ውስጡ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ 1 ሜትር የሚዘረጋ ጃክ አለን እንበል። ሞልቶ ሲዘረጋ 5 ሊትር ዘይት ይይዛል። በ160 ባር ግፊት ደግሞ 8 ቶን ያህል ይገፋል። የቤላሩስ ታንክ የሚይዘው 20 ሊትር ገደማ ነው። እንግዲህ ታንኩ ጎደሎ ሆኖ ትልቅ ጃክ ካነሳችሁ ፖምፑ አየር መሳብ ይጀምራል፣ ዘይቱም እንደ ሳሙና አረፋ ይሆናል።

የዘይቱን ልክ የምታዩት ጃኩ ሙሉ በሙሉ ወርዶ ነው። ጃኩ ተዘርግቶ እያለ እስከ ልኩ ከሞላችሁ፣ ሲወርድ የሚመለሰው ዘይት ቦታ አጥቶ በክዳኑ ይፈሳል። ተሳቢውን ከሰው ከተዋሳችሁ ደግሞ የዚያ ሰው ዘይትም አብሮ እንደሚመጣ አትርሱ። ጠቁሮ ወይም ውሃ ገብቶበት እንደ ወተት ነጥቶ ከሆነ ወደ ታንካችሁ ከመግባቱ በፊት አፍስሱት።

የትኛው ቀዳዳ ላይ?

እያንዳንዱ ማንሻ ሁለት መስመር አለው። አንዱ በ«ማንሳት» ጊዜ ግፊት ያገኛል፣ ሌላው በ«ማውረድ» ጊዜ። እኛ የምንፈልገው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ለመለየት ሞተሩን አጥፉ፣ ቱቦውን አንዱ ላይ ግጠሙና አስነሱ። ከዚያ ማንሻውን ለአፍታ ወደ ማንሳት ሳቡት። ጃኩ ከተነቃነቀ አገኛችሁት። ካልተነቃነቀ ሞተሩን አጥፍታችሁ ወደ ሌላው አዙሩ። በሁለቱም እምቢ ካለ የፖምፑን ማገናኛ እዩት። ቤላሩስ ላይ ፖምፑን ማላቀቅ ይቻላል፣ የቀድሞው ሾፌር አላቅቆት ሊሆን ይችላል። መልሳችሁ ስታገናኙ ሞተሩ ጠፍቶ ወይም በጣም ቀስ ብሎ እየዞረ ይሁን።

የተረፈውን ቀዳዳ በብረት መድፈኛ ዝጉት። ጨርቅ መወተፍ አይሠራም፣ አንድ ሰው ማንሻውን ቢሳሳት ዘይቱ ፊቱ ላይ ነው።

ማገናኘት

የቤላሩስ ቱቦዎች ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 1.5 እርምጃ (ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር) ነው። በ24 መፍቻ ይጠብቃል። የሌላ ሀገር ጃክ ካመጣችሁ ጥርሱ አይገጥምም። በጉልበትና በቴፍሎን ለማስገደድ አትሞክሩ፣ ቶርኖ ቤት ሄዳችሁ ማገናኛ አስቀርጹ። ከመግጠማችሁ በፊት ሁለቱንም ጫፍ በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ፖምፑን ትጭረዋለች።

አሁን ብዙ ሰው የሚያስለቅሰው ቦታ ላይ ደርሰናል። ቱቦው ተላቅቆ የሚገናኝበት ማያያዣ በሁለቱም በኩል በውስጡ ኳስ አለው። ሁለቱ ግማሾች ሲለያዩ ኳሶቹ ቀዳዳውን ይዘጋሉ፣ ዘይት አይፈስም። ሲገናኙ ኳሶቹ ይገፋፉና መንገዱ ይከፈታል። ዳዶው ግማሽ ብቻ ከጠበቀ ግን አንዱ ኳስ ሳይከፈት ይቀራል። በዚህ ሁኔታ ሳጥኑ አምሮ ሊነሳ ይችላል፤ የፖምፑ ግፊት ኳሱን ገፍቶ ያልፋላ። መውረድ ላይ ያው ኳስ በሩን ይዘጋዋል። እኔም አንድ ጊዜ አርሲ ውስጥ ስንዴ ገልብጠን ከጨረስን በኋላ ባዶውን ሳጥን ሰማይ ላይ አንጋጥጬ ግማሽ ቀን ቆሜያለሁ። ጃኩ ተነክሷል ብለን ልንፈታው ነበር። በመጨረሻ የጎደለው የዳዶው ሁለት ዙር ሆኖ ተገኘ።

እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰባችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ሳጥኑን በወፍራም ግንድ ወይም በብረት ደግፉት፣ ከዚያ ዳዶውን አጥብቁ። በግፊት ላይ ያለ ማያያዣ መፍታት ግን በፍጹም አይሞከርም።

ጃኩ አፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያላት ማጥበቢያ ካያችሁ አታውጧት። «ዘጋችው» እያሉ የሚነቅሏት አሉ። ሥራዋ ሳጥኑ ሲወርድ ዘይቱ ቀስ እንዲል ማድረግ ነው። እሷ ከሌለች ሳጥኑ ዱብ ይላል፣ ሻንሲውም ይሰነጠቃል።

ባለ ሁለት ቱቦ ጃክ አግኝታችሁ በአንድ ቱቦ ልትጠቀሙበት ካሰባችሁ ደግሞ ሁለተኛውን ቀዳዳ አትድፈኑት። ጃኩ መተንፈስ አለበት። አቧራ የማያስገባ መተንፈሻ ወደ ታች አዙራችሁ ግጠሙለት።

አየር ማስወጣትና መሞከር

ባዶውን ሳጥን ሞተሩን ብዙ ሳታስጮኹ ትንሽ አንሱት፣ አውርዱት። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሙት፣ በየጊዜው ከፍ እያደረጋችሁ። መጀመሪያ ይንተፋተፋል፤ አየር ነው፣ ይወጣል። ታንኩን እንደገና እዩትና ሙሉት።

ቱቦው ያፈሰሰ እንደሆነ በእጃችሁ አትዳብሱ። ከመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት በዚህ ግፊት ቆዳ ይበሳል። ቁስሉ የትንኝ ንክሻ ይመስላል፣ ግን እጅ ያስቆርጣል። ካርቶን አስጠግታችሁ እዩ። ከበሳችሁ ባያምም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ፣ ዘይት እንደሆነም ንገሯቸው።

ሲወርድ

የማንሻው ቦታዎች በተራ እነዚህ ናቸው፤ ማንሳት፣ መሃል፣ በግፊት ማውረድ፣ መጨረሻ ላይ ልቅ። ልቅ ሲሆን ሁለቱም መስመር ወደ ታንኩ ይከፈታል። እኛ የምንፈልገው ይህንን ነው። ሳጥኑ በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ ፖምፑም ያርፋል።

«ማውረድ» ስለሚል ብቻ ሦስተኛው ላይ የሚያቆም ሾፌር ብዙ ነው። እዚያ ፖምፑ የደፈናችሁትን ቀዳዳ ነው የሚገፋው። ደህናው ትራክተር ላይ ማንሻው በራሱ ወደ መሃል ይዘላል፣ ሳጥኑም መንገድ ላይ ይቆማል። አሮጌው ላይ ማንሻው አይመለስም። ፖምፑ ያለቅሳል፣ ዘይቱ ይግላል፣ በዓመቱ አዲስ ፖምፕ ትገዛላችሁ።

ጭነት ይዛችሁ ከመገልበጣችሁ በፊት መሬቱ ደልዳላ ይሁን፣ በላይ የመብራት ሽቦ አለመኖሩንም ቀና ብላችሁ እዩ። ተሳቢው በሦስት ጎን የሚገለብጥ ከሆነ ሁለቱ ፒኖች የሚገለበጥበት ጎን ላይ ይሁኑ። አንዱን ከፊት ቀኝ፣ ሌላውን ከኋላ ግራ የሰካ ሰው ሳጥኑን ጠምዝዞ ይሰብረዋል። ሳጥኑ ተነስቶ ሳለ ማንም ሥሩ አይግባ፣ ድጋፍ ካልተደረገለት በቀር።

ተሳቢውን ስትለቁ ማንሻውን ልቅ ላይ አድርጉ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ከዚያ ዳዶውን ፍቱ። ሁለቱንም የማያያዣ ጫፎች በፌስታል ጠቅልላችሁ እሰሩ። ፌስታሉ ነገ ጠዋት ከአቧራው ያድናችኋል።