የጥለቱ መስመር እንዴት እንደጠፋ

ለአንድ የልብስ መሸጫ ድረ ገጽ ጀርባ የነጠላ ጥለት ፎቶ አንስቼ በሲኤስኤስ (የድረ ገጽን መልክ በሚወስነው ኮድ) እንዲደጋገም አደረግሁት። ገጹ የሻወር ቤት ሴራሚክ መሰለ፤ በየመጋጠሚያው መስመር ይታያል።

አንደኛው ጥፋት አቆራረጤ ነው። ከአንዱ ቅርጽ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ጫፍ በልኩ መቁረጥ ሲገባኝ በግምት ቆርጬዋለሁ። አስተካክዬም ጠርዞቹ አልገጠሙም፤ በእጅ የተሸመነ ነገር ሁለቴ በትክክል አይደገምም (ውበቱም እሱ ነው)። መፍትሔው ጊምፕ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ያለው «ኦፍሴት» (ምስሉን የሚያንሸራትት ትእዛዝ) ሆነ። ምስሉ 512 በ512 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ስለሆነ በሁለቱም አቅጣጫ 256 አንሸራተትኩት፤ ከአንዱ ጎን የወጣው በሌላው ይገባል። ጠርዝ ላይ የነበረው የመጋጠሚያ መስመር መሐል መጥቶ መስቀል ሠራ፤ የምስሉን አንድ ቦታ ሌላው ላይ በሚገለብጠው የክሎን መሣሪያ ክር በክር ደፈንኩት። አዲሶቹ ጠርዞች ቀድሞ ጎን ለጎን የነበሩ ፒክስሎች ስለሆኑ በራሳቸው ይገጥማሉ።

ከሩቅ ሲታይ ግን አሁንም ዥጉርጉር ነው። ለካ የመስኮቱ ብርሃን ግራውን አፍክቶታል። በሶፍትዌር ስታገል አመሸሁና በማግስቱ ጥላ ውስጥ እንደገና አነሳሁት፤ ኦፍሴቱንም ደገምኩት።

ስልክ ላይ የቀረችው ቀጭን መስመር የመጣችው ሲኤስኤስ ውስጥ የምስሉን መጠን በ33.3 ፐርሰንት ስለሰጠሁ፣ ልኩ ሙሉ ፒክስል ላይ ስላላረፈ ነው። 256 ፒክስል ብዬ ጻፍኩት፤ ጠፋች።