በሼክስፒር ድርሰት ውስጥ ምስጢራዊ ጽሑፍ ተገኘ ሲባል እንዴት ይፈተሻል?

«የሼክስፒርን ተውኔቶች የጻፈው እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፍራንሲስ ባኮን ነው፤ ስሙንም እዚያው ውስጥ ደብቆታል» የሚል ግኝት ከቀረበልዎ መልእክቱን ለጊዜው ይተዉትና ደንቡን ይጠይቁ። የትኛው እትም? ከየትኛው ገጽ ተጀመረ? ፊደላቱ የተመረጡት እንዴት ነው? ይህ በጽሑፍ ከሰፈረ በኋላ ደንቡን ብቻ፣ መልሱን ላላየ ሰው ይስጡት። ያው ዓረፍተ ነገር ካልወጣለት ሥራው እዚያው ያበቃል። የምስጢራዊ ጽሑፍ ባለሙያዎቹ ዊልያም እና ኤሊዝቤት ፍሪድማን በ1957 ባሳተሙት መጽሐፍ እነዚህን ግኝቶች የመዘኑት በዚህ ዓይነት ሚዛን ነበር፦ መልሱ ትርጉም ይስጥ፣ ደግሞም አንድ ብቻ ይሁን። ሰምና ወርቅ የለመደ አንባቢ ነገሩ አይከብደውም፤ ቅኔ አዋቂዎች ኅብረ ቃሉ ላይ ጣታቸውን የሚያሳርፉት አንድ ቦታ ነው።

ፊደል እያቀያየሩ የተገኘ መልስ ቶሎ ይወድቃል። በአንዱ የሼክስፒር ተውኔት ውስጥ ያለው «ሆኖሪፊካቢሊቱዲኒታቲቡስ» የሚለው የላቲን ቃል በላቲን ፊደል ሲጻፍ 27 ፊደል አለው። በ1910 ኤድዊን ደርኒንግ ሎረንስ ፊደላቱን አዘዋውሮ «ሂ ሉዲ ኤፍ ባኮኒስ ናቲ ቱይቲ ኦርቢ» አወጣ፤ የባኮን ልጆች የሆኑት እነዚህ ተውኔቶች ለዓለም ተጠብቀዋል ለማለት ነው። ከነዚያው 27 ፊደላት ግን «ኡቢ ኢታሊኩስ ኢቢ ዳንቲ ሆኖር ፊት» ይወጣል፦ ጣሊያናዊ ባለበት ዳንቴ ይከበራል። እንግዲህ ተውኔቱን ጣሊያናዊው ባለቅኔ ዳንቴ ጻፈው እንበል? እርስዎም እንዲህ ሁለተኛ መልስ ይፈልጉ፤ ከተገኘ የመጀመሪያው ዋጋ የለውም።

የባኮን የራሱ ዘዴ ግን እውነተኛ ምስጢራዊ አጻጻፍ ስለሆነ ጠለቅ ያለ ፍተሻ ይፈልጋል። በ1623 እንዳብራራው፣ ሁለት ዓይነት የፊደል ቅርጽ ይኖራል፤ «ሀ» እና «ለ» እንበላቸው። ለአንድ ድብቅ ፊደል አምስት የታተሙ ፊደላት ያስፈልጋሉ። ኤ «ሀሀሀሀሀ»፣ ቢ «ሀሀሀሀለ»፣ ሲ «ሀሀሀለሀ» ነው። ባኮን የሚለው ስም በእንግሊዝኛ አምስት ፊደል ስለሆነ 25 የታተመ ፊደል ይወስዳል።

ለመፈተሽ በ1623 የወጣውን የተውኔቶቹን ጥራዝ ጥርት ያለ ፎቶ ይያዙና 500 ፊደል ይምረጡ። ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ እያንዳንዱን «ሀ» ወይም «ለ» ብለው ይመድቡ። ከአሥሩ አንዱን ብቻ ቢስቱ እንኳ ከ100ው ባለአምስት ቡድን ሳይበላሽ የሚተርፈው 59 ያህሉ ነው (0.9 አምስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ)። አንድ ፊደል ከተዘለለ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይናጋል። ስህተቱ የሚመጣው ከእርሳስ ብረት የተሠሩት የማተሚያ ፊደሎች ስላረጁና ስለተደባለቁ፣ ቀለሙም እርጥብ ወረቀት ላይ ስለሚሰራጭ ነው። ማተሚያ ቤቱ እያተመ ያርም ስለነበር የአንዱ መጽሐፍ ገጽ ከሌላው ሊለይ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለቱም ሰዎች የሚሠሩት በአንድ ፎቶ ይሁን።

እኩል ርቀት እየዘለሉ (ለምሳሌ በየአሥረኛው ፊደል) ቃል ለሚያወጡት ሒሳቡ ቀላል ነው። 300,000 ፊደል ባለው ጽሑፍ ከ1 እስከ 1,000 ያለውን ዝላይ ሁሉ ከሞከሩ ወደ 300 ሚሊዮን የሚጠጋ ሙከራ አደረጉ ማለት ነው። 26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት እኩል ቢደጋገሙ አንድ ባለአምስት ፊደል ቃል በአጋጣሚ ብቻ 25 ጊዜ ያህል ይገኛል። ስለዚህ ያንኑ ፍለጋ ተመሳሳይ ርዝመት ባለው ሌላ ልብ ወለድ ላይ ይድገሙት፤ የሚፈልጓቸውን ቃላት ግን ኮምፒውተሩን ሳይከፍቱ በፊት ጽፈው ያስቀምጡ።