ወደ ባፕቲስት የእሑድ አምልኮ ለሚሄድ እንግዳ

በባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ ነጠላ ለብሶ፣ ቆሞ ማስቀደስ የለመደ ሰው ከፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ በሆነው በባፕቲስት የእሑድ አምልኮ ላይ ሲገኝ፣ ወንዱም ሴቱም ጫማ ሳያወልቁ አንድ ላይ በወንበር ሲቀመጡ ያያል። ጨዋ ልብስ ይበቃል። መዝሙርና ጸሎት ይቀድማሉ፤ ዋናው ክፍል ግን ስብከቱ ስለሆነ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ይሂዱ፤ ሰባኪው ምዕራፉን ሲጠራ ምእመናኑ ገልጠው ይከታተላሉ፣ እርስዎም ቢከታተሉ ትምህርቱ ይበልጥ ይገባዎታል። መባ ሲሰበሰብ እንግዳ የመስጠት ግዴታ የለበትም። የጌታ እራት (ቁርባን) በሚቀርብበት ቀን ግን፣ ማን እንደሚቀበል በየአጥቢያው ስለሚለያይ፣ አስቀድሞ አስተናጋጁን መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥምቀት ካጋጠመዎት፣ ተጠማቂው በ40 ወይም በ80 ቀኑ የሚመጣ ሕፃን ሳይሆን እምነቱን በገዛ አንደበቱ የመሰከረ ሰው ነው፤ መላ ሰውነቱም ውኃው ውስጥ ይጠልቃል።